ጺሙ ያደገ ዝግ ነው

ፕሮፌሰር ይሉታል፤ ፀጉር ቆራጭ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቁሟል፤ ማውራቱን ግን አላቆመም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ በጨርቅ ታስሮ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ተጠግቶ፣ "አይ፣ በዚህስ አልስማማም" ሊል አይችልም። በዚህ ምክንያት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ተከራክሮት አያውቅም። ፕሮፌሰር የሆነው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

ሚስቱን ዝምተኛዋ ይሏታል። እሷ ከመንገዱ ማዶ፣ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ላውንደሪ ልብስ ትተኩሳለች። ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ባሏን ቀኑን ሙሉ ታየዋለች። አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ድምፁ አይደርሳትም። "ትዳሬን ያቆየልኝ ይሄ መስታወት ነው" ትላለች አንዳንዴ። ከዚህ በላይ ብዙም አትናገርም።

ሦስት ልጆች አሏቸው። ትንሹ አንድ ዓመት ሲሞላው ዝምተኛዋ ሳህን እያጠበች፣ "ይበቃናል። እኔ የሦስት ወር መርፌ ልወጋ ነው" አለችው።

ፕሮፌሰር ቱግ አለ። መርፌ ሴትን ያደርቃል፣ ከደንበኛ ሰምቷል። ደንበኛው ከሌላ ሰው ሰምቷል፤ ያ ሌላ ሰው ከማን እንደሰማ የሚያውቅ የለም።

"እኔ ቤት መርፌ አይገባም!" አለ። "እኔ ራሴ ዘዴ አለኝ።"

ዘዴው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሚስት ቀን ይቆጠራል። የወር አበባዋ ከመጣበት ቀን ተነስቶ ከስምንተኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ዝግ ነው፤ ማንም ማንንም አይነካም። ሁለተኛው፣ በቀሩት ቀኖችም ቢሆን፣ ወንድ የሆነ ወንድ ነገሩ ሳይፈስ በጊዜ ይወጣል።

"ሁለት በር፣ ሁለት ቁልፍ። አለቀ!" አለ ፕሮፌሰር።

ዝምተኛዋ "እሺ" አለች። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጤና ጣቢያ ሄዳ መርፌዋን ተወግታ ተመለሰች። ካርዷን ላውንደሪ ውስጥ፣ ኮሌታ በሚያጠነክረው የስታርች ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ኮሌታ ስታርች የምታደርገው እሷ ብቻ ስለሆነች ያንን ቆርቆሮ የሚከፍት ሌላ ሰው የለም።

አንድ ነገር ብቻ አላሰበችም። መርፌው እየሰነበተ የወር አበባዋን አጠፋው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር "ይሄ የታወቀ ነው፣ ደም የትም አልተጠራቀመም፣ አትጨነቂ" አለቻት። እሷም አልተጨነቀችም። ፕሮፌሰር ግን ቀን ቆጣሪ ነው። ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ሰቅሎ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "አበባሽ መጣ?" ይላታል። ምን ትበለው? አንድ ቀን ምሳ ልታደርስለት ስትገባ የገዛ ቀን መቁጠሪያውን በዓይኗ ቆጠረችና፣ ሃያ ስምንት ስትደርስ፣ "ዛሬ መጣ" አለችው።

ከዚያ ወዲያ በየሃያ ስምንት ቀኑ "ዛሬ መጣ" ነው። ሁለት ዓመት አለፈ፤ አንድ ቀን አልጎደለም፣ አንድ ቀን አልተረፈም።

ፕሮፌሰር በደስታ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። "ሴት ልጅ እኮ ሰዓት ናት!" ይላል፣ የሰው ጆሮ ጫፍ ይዞ ከኋላ እየከረከመ። "ይዛባል፣ ይዘገያል የሚሉት ዝም ብለው ነው። የኔን ሚስት እዩ! ሃያ ስምንት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ስምንት! ይሄው ሦስት ዓመት፣ እርግዝና የሚባል ነገር በደጃችን አላለፈም።"

የፕሮፌሰር ሳይንስ በሙሉ የቆመው እንግዲህ በዚህ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የተማረከው ዳቦ ጋጋሪው ነው። አምስት ልጅ አለው፣ ስድስተኛ አልፈለገም። ችግሩ ቀን መርሳቱ ነው። ሌሊት ሲያቦካ ያድራል፣ ቀን ይተኛል፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ፕሮፌሰር መላ አበጀለት።

"ዝግ በሆኑት አሥራ ሁለት ቀኖች ጺምህን አልላጭህም" አለው። "ይደግ፣ ይዋጋ። ሚስትህ አትጠጋህም፤ አንተም አገጭህን በዳሰስክ ቁጥር ትዝ ይልሃል። ክፍት ሲሆን ና፣ ላጭሃለሁ።"

በስድስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ባሎች በዚህ ሕግ ገቡ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ለያንዳንዱ የሙያው የመጀመሪያ ፊደል ተጻፈ። "ዳ" ዳቦ ጋጋሪው፣ "ሹ" ሹፌሩ። ባሎቹ ነገሩ ሚስጥር መስሏቸዋል። ላውንደሪው ትልቅ መስኮት እንዳለው ማንም አላሰበበትም።

ከዝምተኛዋ አጠገብ ልብስ የምታጣጥፈው ሴት ሬዲዮ ትባላለች። ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ማስረዳት አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት አንሶላ አንገቷ ላይ ጥላ መስኮቱ ላይ ትለጠፋለች።

"ውይ፣ ሹፌሩ ወጣ! ተላጭቷል! አገጩ እንደ ሕፃን ቂጥ ያበራል!"

"እነ ሹፌር ቤት ዛሬ ክፍት ነው በይኛ" ትላለች አጣቢዋ ከጓዳ።

"ልጆቹን ወደ አክስታቸው ይሰዷቸዋል እንግዲህ።"

"ዳቦ ጋጋሪውስ?"

"እሱማ ይሄው ዘጠኝ ቀኑ። ጺሙ ላይ ዱቄት ተቀምጦ ቀለም የጠገበ ብሩሽ መስሏል። ምስኪን! ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል።"

ሴቶቹ ገበያ ሲሄዱ እንኳ የጎረቤት ባል አገጭ እያዩ ሚስቱን "እንኳን ደስ አለሽ" ይሏታል። ላጤው አስተማሪ እንደ አጋጣሚ ጺሙን ማሳደግ ቢጀምር፣ "የማንን ነው የሚቆጥረው?" ተብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ታማ። ኋላ ተላጨ፤ ያኔ ደግሞ ባሰ።

ዝምተኛዋ ይሄን ሁሉ እየሰማች ትተኩሳለች። አልፎ አልፎ ቅር ይላታል። "የሰው ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ" ትልና ካውያውን ታገላብጣለች።

አንድ ረቡዕ ሬዲዮ፣ "አንቺ፣ የእህትሽ ባልም ገባ እንዴ?" አለች።

ዝምተኛዋ ቀና አለች። የታናሽ እህቷ ባል፣ አናጢው፣ ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ተቆርጧል። ጺሙ የስምንት ቀን ነው።

የሚቃጠል ሸሚዝ ሽታ መጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ውስጥ የመጀመሪያ ሸሚዟን አቃጠለች፤ ጀርባው መሀል ላይ፣ የካውያው ቅርጽ ሳይቀር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቷ ከወለደች ገና ስምንት ወሯ ነው፤ የወለደችውም በኦፕራሲዮን ነው። ብዙ ደም ፈሷት፣ ሁለት ቀን ዓይኗን አልገለጠችም ነበር። ሐኪሙ ሲያሰናብታት በጣቱ እያስጠነቀቀ፣ "ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንዳታረግዢ፤ ስፌቱ ይጥና" ብሏታል። ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሰማችው ዝምተኛዋ ነች። ለምታጠባ ሴት የሚሆነውን ኪኒን ከሲስተር ተቀብላ በእጇ የሰጠቻትም እሷው ነች።

በምሳ ሰዓት ሽርጧን ሳትፈታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ልጇን ታጠባለች፤ አናጢው ደጅ በር ይልጋል።

"ኪኒኑን ትውጫለሽ?"

"ተውኩት እኮ፣ እታለም።"

"ምን ማለት ነው ተውኩት?"

"ሰዓቱን እረሳለሁ፣ ደግሞ ያቅለሸልሸኛል። የአንቺን ባል ዘዴ ይዘናል አሁን።" ሳቀች። "አንቺን አይቼ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ኪኒን የለ፣ መርፌ የለ፣ ይሄው እንደ ልጃገረድ! ሰው የሚለውን አላምንም፤ አንቺን ግን አምናለሁ።"

ዝምተኛዋ አፏን ከፈተች። ደጅ የመላጊያው ድምፅ ቆመ። አናጢው የሰማውን ሁሉ ማታውኑ ለፕሮፌሰር የሚያደርስ ሰው ነው። ፕሮፌሰር ሲሰማ ደግሞ፣ አሥራ አንድ ደንበኛ ፊት፣ በገዛ ሚስቱ... አፏን ዘጋችው።

"ለማንኛውም ኪኒኑን ብትመልሺው ጥሩ ነው" አለች።

"ለራስሽ ሲሆን ቆጠራ፣ ለኔ ሲሆን ኪኒን?" አለች እህቷ፣ እየሳቀች። "ሂጂ፣ ሸሚዝ ይጠብቅሻል።"

ነገ እነግራታለሁ ብላ ወጣች። ነገ እነግራታለሁ ያለችው ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ።

በነዚያ ሳምንታት የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሆድ መግፋቱ በግልጽ ታየ። ሬዲዮ ዜናውን ከዳቦ ሰልፉ ላይ አመጣችው። ፕሮፌሰር አልደነገጠም። ዳቦ ጋጋሪውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ መረመረው።

"ቤትህ ተላጭተሃል?"

"አንድ ጊዜ ብቻ። ሠርግ ነበረብን።"

"ይሄው! ሠርጉ ነው ያመጣው። ሳይንሱ ምንም አልሆነም።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ የሹፌሩ ሚስት ማስመለስ ጀመረች። ሹፌሩ አልተላጨም፣ ሠርግም አልሄደም።

"አንተ ሹፌር አይደለህም እንዴ?" አለው ፕሮፌሰር፣ ተናዶ። "ፍሬን መያዝ እንዴት ያቅትሃል?"

"ይዣለሁ እኮ ፕሮፌሰር" አለ ሹፌሩ። "የያዝኩ ነው የመሰለኝ።"

"መሰለኝ ይባላል? የሚስትህስ ቀን ትክክል ነው?"

"አንዴ ሃያ አምስት፣ አንዴ ሠላሳ አራት ይሆናል።"

"እንግዲህ እሷ ናት የተበላሸችው" አለ ፕሮፌሰር። "የኔን ሚስት ተመልከት።"

ሹፌሩ ተመለከተ። ከመንገዱ ማዶ፣ መስኮቱ ሥር፣ የፕሮፌሰር ሚስት አንገቷን ደፍታ ትተኩሳለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ እህቷ ልጇን ታቅፋ ላውንደሪው በር ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሬዲዮ እንዳትሰማ ጠጋ ብላ፣ "ቀረብኝ" አለች።

"ስንት ቀን?"

"ዘጠኝ። ቆጥሬ እኮ ነው፣ እታለም። አልተሳሳትኩም። ባልሽ ራሱ ነው የቆጠረው።" እጇ ሳታውቀው ሆዷ ላይ፣ ስፌቱ ላይ አረፈ። "ሐኪሙ ያለውን ታስታውሺያለሽ?"

ዝምተኛዋ ካውያውን ነቀለች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ልጁን ተቀበለቻት። ሬዲዮ "ወዴት ነው?" ስትል መልስ አላገኘችም። ሬዲዮን መልስ መንፈግ በሬዲዮ ቋንቋ መልስ ነው።

ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ኮሪደር፣ ረጅም አግዳሚ፣ ጫፉ ላይ የሲስተር ክፍል። ሲስተር መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ሴት ናት። በሩን ከፍታ ዝምተኛዋን ስታይ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ።

"አንቺ! ምን አስቸኮለሽ? መርፌሽ እኮ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው!"

ታናሽ እህቷ ቀስ ብላ ዞረች።

ሲስተር የመርፌ ነገር እንደተናገረች ብቻ ነው የገባት፤ ምን እንዳፈነዳች አልገባትም። ታናሿን አስገብታ፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቃ፣ ለሽንት ኩባያ ሰጠቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀጭን የወረቀት መመርመሪያ አስቀምጣ "አምስት ደቂቃ" አለች። ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጁ የዝምተኛዋን የቀሚስ ቁልፍ ይጠባል።

"መርፌ?" አለች ታናሿ።

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

"አራት ዓመት?"

"አሥራ ስድስት መርፌ።"

"ሃያ ስምንት፣ ሃያ ስምንት የሚለውስ?"

"እኔ ነኝ የምነግረው። አበባዬ ከጠፋ ቆየ።"

ታናሿ መመርመሪያውን አየች፤ ገና ነጭ ነው። "ሆዴን በባልሽ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ "አንቺ መርፌሽን ተወግተሽ በመስኮት ታዪኛለሽ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን ሳልገልጥ ስተኛ አጠገቤ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ እታለም። ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር።"

አንዳንድ ሰው ዝምታው ያምርበታል ይባላል፤ የዚያን ቀን ዝምተኛዋ ላይ አላማረም።

ሲስተር መነጽሯን አደረገች። "የማንን ዘዴ ነው የያዛችሁት?"

"የፀጉር ቆራጩን" አለች ታናሿ።

"ኧረ ምኑን! እዚህ ከሚመጡት እርጉዞች ስንቶቹ የሱን ስም ጠርተውልኛል መሰለሽ!" ሲስተር ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ስሚኝ። በጊዜ እወጣለሁ የሚለውን ባል ከያዙት መቶ ሴቶች በዓመት ውስጥ ሃያዎቹ ያረግዛሉ። ከአምስት አንዷ ማለት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳት በልኩ ቢያደርገው አራት ይሆኑ ነበር፤ ግን እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ የማይሳሳት ባል አምጪልኝ። ደግሞም ዋናው ሳይመጣ ቀድማ ጠብ የምትለው ራሷ አንዳንዴ ዘር ትይዛለች፤ ያቺን እሱ ራሱ አያውቃትም።"

"ቀን እየቆጠርንም ነው እኮ።"

"ቆጠራውም መጥፎ ሆኖ አይደለም። ተምራ፣ ጠዋት ጠዋት ሙቀቷን ለክታ፣ የሚወርዳትን ፈሳሽ እያየች የምትቆጥር ሴት በደንብ ይሠራላታል። በግድግዳ ወረቀት ብቻ የሚቆጠረው ግን ቀኗ ለማይዛነፍ ሴት ነው፤ ከሃያ ስድስት እስከ ሠላሳ ሁለት። ለሷም ቢሆን ከመቶ አሥራ ሁለቱ ያረግዛሉ። የወንድ ዘር ውስጥሽ ገብቶ አምስት ቀን ይቆያል። እንቁላል ደግሞ እንደተመቻት ነው የምትወጣው፤ ሐሳብ ያዘገያታል፣ ሕመም ያዘገያታል። አንቺማ ገና ታጠቢያለሽ! የሚያጠባ ሰው ቀን መቼ ረጋና ነው የሚቆጠረው?"

"እሱ ሁሉም ሴት ሰዓት ናት ይላል።"

"ማንን አይቶ?"

ታናሿ እህቷን አየቻት።

ሲስተር መመርመሪያውን አነሳች፤ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ቀረብ አድርጋ አየች፤ አራቀችው። አንድ መስመር ነው።

"የለም" አለች። "ማጥባቱ ያዘገየው ይመስለኛል። ግን አንዳንዴ ቶሎ አይታይም፤ ካልመጣ የሚቀጥለው ሐሙስ እንደግመዋለን። እስከዚያ ይሄን ተጠቀሙ" ብላ አንድ እሽግ ኮንዶም ሰጠቻት። "ከእርግዝና ነፃ መሆንሽ ከተረጋገጠ ደግሞ በክንድ የሚቀበረውን አደርግልሻለሁ። ዓመታት ይሠራል፤ ከመቶ አንዷ እንኳ አታረግዝበትም። የምትረሺው ነገር የለውም።"

ደጅ ሲወጡ ታናሿ ልጇን ተቀበለች።

"ዛሬውኑ ለባልሽ ትነግሪዋለሽ" አለች። "ካልነገርሽው እኔ ሄጄ ወንበሩ ላይ እቀመጥና እነግረዋለሁ። ስንት ሴት አለ እዚያ ግድግዳ ላይ፣ እታለም!" ከዚያ ሄደች፤ ዞራ አላየችም።

ዝምተኛዋ ላውንደሪ ገባች፣ የስታርች ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ካርዷን አወጣች፣ መንገዱን ተሻገረች። ሬዲዮ መስኮቱን ከፈተችው። መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም ነበር፤ ሁለት እጅ አስፈለገው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪው ግማሽ አገጩ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ይዞ ተቀምጧል። አናጢውና ሹፌሩ ተራ ይጠብቃሉ። ፕሮፌሰር ምላጩን አነሳ።

"ምነው? ልጆቹ ደህና?"

"ደህና ናቸው። ያንን ቀን መቁጠሪያ አውርደው።"

"ለምን?"

"የኔ ሃያ ስምንት ውሸት ነው።"

ካርዱን ማበጠሪያዎቹ መሀል አስቀመጠችለት። ነጭ ዱቄት ከላዩ በነነ። ፕሮፌሰር አነበበ። አሥራ ስድስት ቀን፣ አሥራ ስድስት ፊርማ። አንድ በአንድ በጣቱ ወረደ፤ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"አራት ዓመት?" አለ።

"አራት ዓመት።"

"እኔ ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ በጊዜ ስወጣ የኖርኩት?"

"እሱ ልምምድ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ ሊስቅ ነበር፤ ሚስቱ ትዝ አለችውና ተወው። አናጢው ተነስቶ እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ እንደገና ተቀመጠ።

"እና እህትሽ?" አለ አናጢው። "እሷ ምን ሆነች?"

"እስከሚቀጥለው ሐሙስ አይታወቅም።"

አናጢው ባርኔጣውን አንስቶ ያለ ምንም ቃል ወጣ። ከመስኮቱ ማዶ ሬዲዮ "አናጢው ሳይላጭ ወጣ!" ስትል ተሰማች።

ፕሮፌሰር ካርዱን እንደያዘ ነው። "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ነግሬህ ነበር። እኔ ቤት መርፌ አይገባም አልክ። ቤት አላስገባሁም፤ ጤና ጣቢያ ነው የተወጋሁት።" ቀጥላም፣ "ላንተ አለመንገሬ አያሳፍረኝም። ለነሱ አለመንገሬ ነው" አለች፣ ሹፌሩንና ዳቦ ጋጋሪውን በአገጯ እያሳየች። "ስትሰብካቸው አይሃለሁ፤ ዝም አልኩ።"

"ፕሮፌሰር" አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ "ስድስተኛው እኮ እየመጣ ነው።" አረፋውን እየዳሰሰ ደግሞ፣ "ግማሹ ቀርቶኛል" አለ።

ፕሮፌሰር የቀረውን ግማሽ ላጨው። ዳቦ ጋጋሪው እስኪያልቅ አልተነፈሰም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮፌሰር ዝም አለ። ቤት ዝም፣ ፀጉር ቤት ዝም። ትልቋ ልጁ "አባዬ ጉሮሮውን አሞታል?" ብላ ጠየቀች። ደንበኞች ዝም ብሎ ሲቆርጣቸው እየፈሩ፣ ምን እንደበደሉት እየጠየቁ ይወጣሉ። የቀን መቁጠሪያው ከግድግዳ ወርዷል። የዝምተኛዋ ታናሽ እህትም እንደዚያው፤ መንገድ ላይ ብታገኛት ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ ታዛውረዋለች እንጂ ቃል አትተነፍስም። ዝምተኛዋን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ መረራት። አናጢውን ሁለት ጊዜ በር ላይ ቆማ "መጣ?" ብላዋለች። ሁለቱንም ጊዜ "እሷን ጠይቂያት" ብሏታል።

ረቡዕ ማታ ራት ላይ ፕሮፌሰር ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ያማል?"

"ሲወጋ ትንሽ።"

"ያደርቃል የሚሉትስ?"

"ደርቄ አየኸኝ?"

ፕሮፌሰር በደንብ አያት። ጥያቄውን እንደ ሳይንስ ነው የያዘው። "አላየሁም" አለ በመጨረሻ። "ነገ ፀጉር ቤቱን እስከ ምሳ እዘጋለሁ። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት የጤና ጣቢያው አግዳሚ ሞልቶ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሆዷን ታቅፋ ለክትትል መጥታለች። የሹፌሩ ሚስት ሎሚ ታሸታለች። ሬዲዮ ራሴን አመመኝ ብላ ከሥራ ቀርታ ፊት ወንበር ይዛለች። ጫፍ ላይ፣ በር አጠገብ፣ ታናሽ እህቷ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፕሮፌሰር ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ወሬው ሁሉ ቆመ።

"እንደምን አደራችሁ" አለ።

"እንደምን አደሩ ፕሮፌሰር" አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት። "ቆጥረው ነው የመጡት?"

ፕሮፌሰር ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። "እመቤት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የማላውቀውን ነው ያስተማርኩት።"

"ይቅርታውን ለልጁ ያቆዩለት" አለች። "ሲወለድ ለሱ ይነግሩታል። ፀጉሩንም እስኪያገባ ድረስ እርስዎ ነዎት የሚቆርጡት።"

"እሺ" አለ ፕሮፌሰር። ሰዎች "እሺ" ሲል ሰምተውት ስለማያውቁ ተያዩ።

ሲስተር በሩን ከፈተች። "የማን ተራ ነው?"

"የሱ ነው!" አለች የሹፌሩ ሚስት።

"የሱ ነው" አሉ ሌሎቹ ሁሉ። "እኛን ሁሉ እዚህ የላከን እሱ አይደል? ይቅደም!"

"እኔ ሚስቴን ላደርስ ነው የመጣሁት" አለ ፕሮፌሰር።

"ለወንድም አለን" አለች ሲስተር። "ግባና አዳምጥ።"

ገባ። ሩብ ሰዓት ቆየ። ሬዲዮ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ፣ "እሷ ብቻ ናት የምታወራው!" እያለች ለአግዳሚው አስተላለፈች። ሲወጣ አንድ እሽግ ኮንዶምና አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዟል፤ ላብ አጥምቆታል።

"የወንዱን የዘር ቱቦ መቋጠር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አለችኝ" አለ ለሚስቱ፣ በሹክሹክታ። "ቤትህ በዚያው ቀን ትገባለህ አለች።"

"ምኑ ነው ግማሽ ሰዓት የማይፈጀው?" አለች ሬዲዮ።

"አስብበታለሁ" አለ ፕሮፌሰር፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ በቀስታ፣ እግሮቹን ገጥሞ ተቀመጠ።

ዝምተኛዋ ለመርፌዋ ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ጭኗ ላይ አረፈ። የእህቷ ልጅ ነው። ታናሿ ከላይ ቆማለች፣ ፊቷን አልፈታችም።

"ቅዳሜ መጣ" አለች። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ዝምተኛዋ ልጁን አጥብቃ ያዘች። የመለሰችው በሕይወቷ ካወራችው ሁሉ ረዘመ። "ያኔ፣ ደጁ በር እየተላገ፣ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ፈራሁ። ባሌን ነው የፈራሁት፣ ደግሞ ወሬውን። አንቺን ከወሬ በታች አደረግኩሽ። መቼም አይደገምም።"

"አይደገምም" አለች ታናሿ። "ከዛሬ ጀምሮ የምትወጊውን መርፌ፣ የምትውጪውን ኪኒን፣ ማስነጠስሽን ሳይቀር ትነግሪኛለሽ።"

"እሺ።"

"አሁን ክንዴ ላይ ሊቀበርልኝ ነው። ያዢልኝ፤ ጠብቶ ነው የመጣው፣ ቢያለቅስም አትመኚው።"

ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ልጁ የአክስቱን ደረት ዳሰሰ፣ ቁልፏን አገኘ፣ ጎተተ፣ የሚፈልገው ነገር አልመጣም። ቀና ብሎ አያት።

"የለም" አለችው ዝምተኛዋ። "እውነቱን ነው የምነግርህ። እናትህ ትመጣለች።"

ልጁ አላመናትም፤ እሪ አለ።